ጋሽ ብሎን እና ተመላላሹ ቫይረስ

እውነተኛ ስሙን ከደመወዝ መዝገቡ በቀር የሚያውቀው የለም። በማተሚያ ቤቱ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጇ ሁሉም «ጋሽ ብሎን» ነው የሚሉት። ስሙ የወጣለት የጽሕፈት መኪና በሚጠግንበት ዘመን ነው፤ ፈታትቶ ሲገጥም ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፈው ነበር ይባላል። እሱ ግን «ተርፎኝ አይደለም፤ ድሮም የማያስፈልግ ብሎን ነው» ብሎ ይከራከራል። እውነቱን ለመናገር፣ እሱ የነካቸው መኪናዎች ባለቤቶቻቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቀጥ ብለው ሠርተዋል።

የጽሕፈት መኪናዎቹ ተራ በተራ ወደ መጋዘን ሲወርዱ፣ ብሎንም አብሮ የሚወርድ የመሰለው ሰው ብዙ ነበር። እሱ ግን በአርባ አምስት ዓመቱ ደብተር ገዝቶ፣ ከልጆቹ እኩዮች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የኮምፒውተር ጥገና ተማረ። የመጀመሪያው ቀን ማውሱን ብድግ አድርጎ እንደ ባትሪ ስክሪኑ ላይ ሲያነጣጥር ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም አብሮ ሳቀ። በስድስተኛው ወር ግን እነዚያው ልጆች «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እምቢ አለን» እያሉ ይከቡት ጀመር።

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የእሱ ቢሮ ከደረጃው ሥር ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። ረጅም ሰው ከሆኑ ጎንበስ ብለው ነው የሚገቡት። በጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ኮምፒውተሮች፣ የአቧራ ብሩሽ፣ በቆርቆሮ ጣሳ የተቀመጡ መፍቻዎች ተደርድረዋል። የሥራው ሕግ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ሶኬቱን እይ። ይህን ሕግ ያጸናለት አንድ ቀን ሥራ አስኪያጇ «ኮምፒውተሬ ሞተ!» ብላ በስልክ የጠራችው ጊዜ ነው። ሦስት ፎቅ እያለከለከ ወጣ፤ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ሲያይ፣ ገመዱን ነቅሎ የጣለው የእሷው የጫማ ተረከዝ ነው። ቀና ብሎ ቢሮዋ የተቀመጡትን እንግዶች አየና «የኃይል አቅርቦት መዛባት ነው እትዬ» አላት። በወሩ መጨረሻ ያንኑ ቃል በትልቁ ሪፖርት ላይ አሰፈረችው። እሱም ጉዳዩን ለሚስቱ ብቻ ነገራትና ሁለቱ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

እንዲህ በሰላም ሲኖር ነው አንድ ሰኞ ጠዋት ጣጣው የመጣው።

የገጽ ንድፍ የምትሠራው ወጣት እያለቀሰች ከደረጃው ሥር መጣች። «ጋሼ አልቄልሃለሁ! የትምህርት ቤቱ መጽሔት የለም። አራት መቶ አሥራ ሁለት የተማሪ ፎቶ… ሁሉም ጠፋ!»

«ሶኬቱን…»

«ጋሼ ሙት! ኮምፒውተሩማ በርቷል።»

ሄዶ አየ። ፎልደሮቹ በስማቸው ቁጭ ብለዋል፤ ግን እያንዳንዳቸው ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት አብቅለዋል። ሲከፍቷቸው አይከፈቱም። ቫይረስ ነው፤ እውነተኞቹን ፎልደሮች ደብቆ በቦታቸው አስመሳዮችን አስቀምጧል። ጋሽ ብሎን ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ሁልጊዜ አንገቱ ላይ በገመድ የሚያንጠለጥላትን፣ የጥገና ፕሮግራሞቹን የያዘች ፍላሽ ሰካ፤ ጥቂት ትእዛዞችን ጻፈ። አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ልጆች ፈገግ እንዳሉ ስክሪኑ ላይ ተመለሱ። ልጅቷ ግንባሩን ሳመችው።

ማክሰኞ ጠዋት ፎልደሮቹ እንደገና ቀስት አበቀሉ። በዚህ ጊዜ የሷ ብቻ አይደለም፤ የእንግዳ መቀበያው፣ የንብረት ክፍሉም ጭምር። ጋሽ ብሎን ከክፍል ክፍል እየሮጠ ሁሉንም አጸዳ። ረቡዕ ጠዋት ስድስት ኮምፒውተሮች ታመሙ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። መጽሔቱን የሚያስረክቡት ዓርብ ነው፤ ሥራ አስኪያጇ ደግሞ ትዕግሥቷ አልቋል።

«ይሄ ነገር የጀመረው ከንድፍ ክፍል ነው» አለች። «ያቺ ልጅ ፊልም ትጭናለች። ነገ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይደርሳታል።»

«እትዬ፣ ትንሽ ይታገሡ…»

«ሦስት ቀን ታገሥኩ እኮ ብሎን!»

የጋሽ ብሎን ሚስት ከማተሚያ ቤቱ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለው ሆስፒታል ነርስ ናት። ምሳቸውን ሁልጊዜ በሆስፒታሉ ግቢ፣ ከዛፉ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አብረው ነው የሚበሉት። ያን ቀን ግን ጋሽ ብሎን ምግቡን ከማገላበጥ በቀር አልቀመሰም።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?»

«በሽተኞቼ እምቢ አሉኝ። አክሜያቸው ይነሣሉ፤ ሌሊቱን አድረው ጠዋት ተመልሰው ይተኛሉ። ጭራሽ ጤነኞቹም እየታመሙ ነው።»

እሷም እያኘከች አሰበች። «ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄድ እጅህን ትታጠባለህ?»

«የኮምፒውተር ቫይረስ በእጅ አይተላለፍም እኮ፣ እናትዬ።»

«አውቃለሁ። እኛ ጋ ኢንፌክሽን ከአልጋ አልጋ ሲዞር መጀመሪያ የምንጠረጥረው ጠያቂውን ነው። ቆይተን ስናየው ግን አዟሪዎቹ እኛው፣ አካሚዎቹ ሆነን እንገኛለን። አንተስ? ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘኸው የምትዞረው ነገር የለም?»

የጋሽ ብሎን እጅ ሳያውቀው አንገቱ ላይ ወደተንጠለጠለችው ፍላሽ ሄደ። ክው አለ።

ምሳውን ጥሎ ተመለሰ። ከሌሎቹ ጋር ያልተገናኘ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አስነሣና ፍላሿን ሰክቶ የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳየው አዘዘው። ዶሮ ብትጭር ብትጭር አወጣች ካራ! ቫይረሱ በእሱው መድኃኒቶች መሃል ተመቻችቶ ተኝቷል። ቀኑን አየ፤ ባለፈው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ዕለት ለሰፈሩ ፎቶ ቤት ባለቤት ውለታ ብሎ ኮምፒውተሩን ጠግኖለት ነበር። ሰኞ ማለዳ ደግሞ፣ ማንም ሳይገባ፣ ከንድፍ ክፍሉ ተነሥቶ የወሩን ፍተሻ የጀመረው ራሱ ነው።

ማንም አላየም። ፍላሿን አጽድቶ፣ ኮምፒውተሮቹን አድኖ፣ «ተፈወሱ» ቢል ሽልማት እንጂ ወቀሳ አያገኘውም። ደብዳቤው ግን ለልጅቷ እየተጻፈ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ጋሽ ብሎን ካለ ልክ ነው» ተብሎ የኖረ ሰው፣ «በሽታውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» ማለት ሞት ሞት ሸተተው። ፍላሿን ከኮምፒውተሩ ነቅሎ ኪሱ ከተታት፤ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ከዚያ ይዟት ተነሥቶ ሦስቱን ፎቅ ወጣ።

ሥራ አስኪያጇ ጋ ሲገባ ልጅቷ ዓይኗ ቀልቶ እዚያው ቆማለች። የሕትመት ማሽን ሠራተኛውም ስለ ወረቀት ሊጠይቅ መጥቶ በሩ ላይ ነበር።

«እትዬ፣ ደብዳቤው ስም ይቀየርበት» አለ ጋሽ ብሎን። «ቫይረሱን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ከክፍል ክፍል ያዞርኩትም እኔ ነኝ። ይኸው በዚህች።» ፍላሿን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ነገሩን ከቅዳሜ ጀምሮ ዘርዝሮ ነገራት።

የማሽን ሠራተኛው በሩ ላይ እንደቆመ አጉተመተመ፦ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች።»

መጀመሪያ ሳቋን መቆጣጠር ያቃታት ሥራ አስኪያጇ ናት። ከዚያ ሁሉም ተከተሉ፤ ጋሽ ብሎን ጭምር። ያልሳቀችው ልጅቷ ብቻ ነበረች።

«ሦስት ቀን ያለቀስኩት በአንተ ነው ጋሼ?»

«በእኔ ነው የኔ ልጅ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«በይቅርታ ብቻ አትላቀቀኝም። አራት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ ጠርዝ ጠርዙ ይቆረጣል። ና ተቀመጥ።»

ደብዳቤው ተቀደደ። ጋሽ ብሎን ኮምፒውተሮቹን ካጸዳ በኋላ ሐሙስን ሙሉ ከልጅቷ ጎን ተቀምጦ የልጆች ፎቶ ሲቆርጥ ዋለ። አንዱን ተማሪ ጆሮውን ቆርጦበት ሁለት ጊዜ ተቆጣችው፤ ወደ ማታ አካባቢ ግን ሻይ አመጣችለት፤ እሱም እንደታረቁ ገባው።

መጽሔቱን ዓርብ ከሰዓት አስረከቡ። ሰኞ ሥራ አስኪያጇ ጠራችው። «ለመሆኑ ጸረ ቫይረስ የለንም እንዴ?»

«ነበረን። ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመቱ ነው። እዚያ ስክሪንዎ ጥግ ላይ ያለችው ቀይ ምልክት እሱን ነበር የምትናገረው።»

«እኔ ደግሞ ጌጥ መስላኝ! በል ምረጥ።»

ምርጫው ሳምንት ፈጀ። ሁሉም ሰው አዋቂ ሆነ። ልጅቷ የአክስቷ ልጅ የፕሮግራሙን ቁልፍ ሰብሮ በነፃ የሚሰጠውን አመጣች፤ ጋሽ ብሎን «ቤት እንዲጠብቅ ሌባ ልቅጠር እንዴ?» ብሎ መለሰላት። ከረባት ያሠረ ሻጭ መጥቶ ስለ አንዱ ጸረ ቫይረስ ሲያወራ አፍ ያስከፍት ነበር። ጋሽ ብሎን አዳመጠውና «እዚያ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጫንልኝ» አለው። ተጫነ። ከዚያ ኮምፒውተሩን አንድ ሙሉ መጽሔት እንዲከፍት አዘዙት። ሻጩ ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ፤ ገጹ ገና አልተከፈተም።

«ጠንካራ ነው» አለ ሻጩ።

«አዎ፤ ቫይረሱንም እኛንም አላስገባ አለ» አለ ጋሽ ብሎን።

በመጨረሻ የመረጠው ማንም ያላወራለትን ነው። የታመሙ አምስት ፍላሾችን ቢሰጠው አምስቱንም ያዘ፤ አሮጌዎቹን ኮምፒውተሮች አላንቀራፈፈም፤ ዋናው ነገር ደግሞ፣ ኢንተርኔቱ በጠፋ ሳምንት ስለ አዳዲስ ቫይረሶች የሚወጣውን መረጃ ከሌላ ቦታ አምጥቶ መጫን ይቻላል። ለራሱም ጎኗ ላይ ማገጃ ያላት ፍላሽ ገዛ፤ ማገጃዋ ከተዘጋ ምንም ነገር አይገባባትም። በእንግዳ መቀበያው ደግሞ አንድ ኮምፒውተር ለብቻው አቆመ። የደንበኛም ሆነ የሠራተኛ ፍላሽ መጀመሪያ እዚያ ሳይመረመር ወደ ውስጥ አይገባም።

በሁለተኛው ቀን ሰልፉ በር ድረስ ደርሶ ነበር። የሠርግ ካርድ የሚያሳትሙ፣ ጥያቄ ወረቀት ያመጣ መምህር፣ መሃል ላይ ደግሞ ሥራ አስኪያጇ ፍላሿን ይዛ ቆማለች።

«እርስዎ ይለፉ እትዬ» አላት መምህሩ በትሕትና።

«የለም፣ ተራዬን እጠብቃለሁ» አለች።

ተራዋ ደረሰ። ፍላሿ ተሰካ። ኮምፒውተሩ ጮኸ፤ አሥራ ሰባት ቫይረስ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አያት። ጋሽ ብሎን ቀስ ብሎ ወንበር ሳበላትና «አረፍ ይበሉ፤ እርስዎ እንኳ ተኝተው መታከም አለብዎት» አላት።