ከቁርጭምጭሚት በላይ

ወርቄ ስትናደድ እጇ ይረጋል እንጂ አይንቀጠቀጥም። ለዓመታት የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ተከትላ በሜዳ ዳር ኖራለች። ተጫዋች በወደቀች ቁጥር በረዶና ፋሻ ይዛ ስትሮጥ፣ ተመልካቹ ሲሰድባት፣ ንዴቷን ውጣ መሥራት ለመደች። ኋላም ተምራ፣ አትላስ አካባቢ ባለ አንድ የማገገሚያ ማዕከል የስፖርት ጉዳት ባለሙያ ሆና ተቀጠረች። የዞረ ቁርጭምጭሚት፣ የወለቀ ትከሻ፣ የተጎዳ ጅማት ወደ እሷ ይመጣል።

ኢዮስያስ ከተቀጠረ ወዲህ ግን ንዴቷ አልዋጥ አላት። እሱ የእንቅስቃሴ ፊዚዮሎጂ ባለሙያ ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ምን ያህል ቢንቀሳቀስ እንደሚበጀው ትንፋሹንና የልብ ምቱን ለክቶ ያዛል። ሥራቸው ለየቅል ነበር፤ ሰውየው ግን አንድ ሆነባቸው።

ሰውየው ጋሽ ሀይደር ናቸው፤ ቦሌ ቡልቡላ የግንባታ ዕቃ የሚሸጡ፣ ስኳር ያለባቸው ነጋዴ። ከመደብራቸው ደረጃ ተንሸራተው ቁርጭምጭሚታቸው ዞሯል። ሐጅ ሊሄዱ ደግሞ ሁለት ወር እንኳ አልቀራቸውም። "ካዕባን በሰው ተገፍቼ አልዞርም፤ በእግሬ አድርሱኝ" ብለዋል።

"የመራመጃ ማሽኑ ላይ አታውጣቸው፤ ጅማቱ ገና አልጠናም" አለችው ወርቄ።

"በተቀመጡ ቁጥር ስኳራቸው ይጨምራል፣ እትዬ ወርቄ። እርስዎ ከቁርጭምጭሚት በላይ አይውጡ፤ ከዚያ በላይ ያለው የኔ ነው።"

"ሰው መኪና መሰለህ? ቁልፉ ከዞረ የሚሄድ?"

"ፋሻ መጠቅለል እኮ እናቴም ትችላለች።"

ከዚያ ወዲያ ተኮራረፉ። ጠዋት እሷ እግራቸውን አሽታ ስትጨርስ እሱ ይቀበላቸዋል፤ በመሃል ቃል የለም። ቁርስ በልተው እንደሆነ የሚጠይቃቸው እንኳ ጠፋ። እሷ "የሱ ሥራ ነው" አለች፤ እሱ "ቀድማ የምታገኛቸው እሷ ናት፣ ጠይቃለች" ብሎ ተወው።

አንድ ሐሙስ ፋሻውን ስትጠቀልል ከንፈራቸው ደርቆ አየች። እሷም ጿሚ ናትና የጾመ ሰው አፍ አይጠፋትም። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ጣታቸው ይርገበገባል። ልትናገር ቀና አለች።

"አላለቀም እንዴ፣ እትዬ? ፋሻ ነው ወይስ ቀሚስ የሚሰፉት?" አላት ኢዮስያስ እጁን አጣጥፎ።

አፏን ዘጋች። ከቁርጭምጭሚት በላይ ነው፤ ራሱ ይየው! አለች በልቧ።

ጋሽ ሀይደር ማሽኑ ላይ ወጥተው ብዙም አልቆዩም። ጉልበታቸው ከዳቸውና በጎን ወደቁ፤ ወርቄ ስታስታምመው የከረመችው እግር ከበታቻቸው ታጠፈ። ኢዮስያስ ጣታቸውን ወግቶ ስኳራቸው ወርዶ ሲያገኘው ፊቱ አመድ መሰለ። ወርቄ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣቻቸው። ለካ ከረመዳን ቀጥሎ ያለውን የሸዋል ጾም ይዘው፣ የስኳር ክኒናቸውንም ጎህ ሳይቀድ ውጠው ነበር።

"ምነው ሳይነግሩን፣ ጋሼ?" አለች ወርቄ።

"ጾም ለአላህ ነው፤ ለሰው አይወራም። እናንተስ ጠየቃችሁኝ?" ትንፋሻቸው ሲመለስ ቁጣቸውም አብሮ መጣ። "እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፈላችሁኝ! እግሬ ለሷ፣ ልቤ ለሱ። ሐጅ የምሄደው የትኛውን መደብ ይዤ ነው?"

ወርቄ አንገቷን ደፋች። "ላብዎን አይቼ ነበር። አይቼ ዝም አልኩ።"

"አይተሽ?" ኢዮስያስ አንቱታውን ረስቶ ዘወር አለ። "እያየሽ ነው የለቀቅሻቸው?"

"አዎ። አንተም ሳትጠይቅ ነው ያወጣሃቸው።"

የፈጣሪ ቸርነት ሆኖ እግራቸው አበጠ እንጂ ጅማቱ አልተበጠሰም። ሁለቱ ግን አልታረቁም። የተለወጠው፣ ጋሽ ሀይደር "አብራችሁ ካልቆማችሁ አልነካም" ማለታቸው ነው። በማግስቱ ስለ ምግባቸውና ክኒናቸው ሁለቱም ጠየቋቸው። ኢዮስያስ እያጉረመረመ ማሽኑን ትቶ በቋሚ ብስክሌት አስጀመራቸው፤ ወርቄ የብስክሌቱን ወንበር እያጉረመረመች ለእግራቸው አስተካከለች።

ጉዞው ሲቃረብ የማዕከሉን አዳራሽ በእግራቸው ይዞሩ ጀመር፤ ወርቄ በቀኝ፣ ኢዮስያስ በግራ።

"ቀስ ይበሉ!"

"ቀስ አይበሉ፤ ትንፋሽዎ ደህና ነው።"

"እግራቸውን እየው፣ ዓይን የለህም?"

ከዚያ ሁለቱም ተቆጥተው ጸጥ አሉ። ጋሽ ሀይደር ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ዝም አትበሉብኝ" አሉ። "ተጣሉ፤ እኔ ልሂድ።"