ያልተጻፈውን የምታውቀው ትራንዚተር

«የት ተጽፏል?» አሉ መምህር ተክለወልድ።

ሙኒራ ወደ መለማመጃ ፈተናው ወረቀት አጎነበሰች። ከፊቷ ያለው ጽሑፍ አጭር ነበር። አንድ ወደብ ሃያ አዳዲስ ፈታሾች ቀጠረ፤ በዓመቱ የተያዘው የኮንትሮባንድ ዕቃ በእጥፍ ጨመረ፤ ስለዚህ ኮንትሮባንድ ተስፋፍቷል ይላል። ይህን መደምደሚያ ይበልጥ የሚያዳክመው የትኛው ነው? ከአምስቱ አማራጮች አንዱ፣ ፈታሽ ሲበዛ ቀድሞ ሳይታይ ያልፍ የነበረው ዕቃም ይያዛል የሚል ነበር። ሙኒራ እሱን ትታ፣ ነጋዴዎች በበዓል ሰሞን ብዙ ዕቃ ያስገባሉ የሚለውን አክብባለች።

«ጋሼ፣ እውነቱ እኮ ይኼ ነው። እኔ ወደብ ነው የምውለው። ረመዳን ሲቃረብ ምን እንደሚገባ በዓይኔ አያለሁ።»

«ረመዳን የሚለውን ቃል እዚህ ወረቀት ላይ አሳዪኝ።»

«የለም።»

«ከሌለ ማን አመጣው? አንቺ ነሽ። ፈታኙ ስለ ወደብ የምታውቂውን ንገሪኝ አላለሽም። ያንቺ ችግር አለማወቅ ቢሆን መልካም ነበር፤ አለማወቅ መድኃኒት አለው።»

መምህር ተክለወልድ ለሠላሳ ዓመት ጂኦሜትሪ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጂቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ይኖራሉ። ሙኒራ ወደ እሳቸው የምትመጣው በቀትር ነበር፤ ጫቱ ገብቶ፣ ሱቁም መሥሪያ ቤቱም ተዘግቶ፣ ከተማው እስከ አሥር ሰዓት በሚያሸልብበት ጊዜ። መብራት በጠፋ ቀን የጣሪያው ማራገቢያ ይቆማል፤ መምህሩ ግን አይቆሙም። ላባቸውን በነጠላ ጫፍ እየጠረጉ «ቀጥዪ» ይላሉ።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 2009 ነው። ሙኒራ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። ድሬዳዋ ተወልዳ፣ በሂሳብ አያያዝ ዲግሪ ይዛ፣ በወደቡ አቅራቢያ ቡላኦስ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ የኢትዮጵያውያን የጭነት አስተላላፊ ድርጅት ዘጠኝ ዓመት በትራንዚተርነት፣ የጭነት መኪኖችን የጉምሩክ ወረቀት እያዘጋጀችና እየፈረመች፣ ሠርታለች። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጇ ኢማን ግን ድሬዳዋ ከአያቷ ጋር ነው የምታድገው። ሙኒራ ከሁለት ሴቶች ጋር በምትጋራው የካርቲየ 3 ክፍል ውስጥ ለልጅ የሚሆን ቦታ አልነበረም። ድርጅቱ አንድ ቃል ገብቶላት ነበር፦ አዲስ አበባ ያለው የሥራ አመራር ተቋም ለማታው ትምህርት ከተቀበላት ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ትዛወራለች። ያን ጊዜ ልጇን ወስዳ በአንድ ጣሪያ ሥር ትኖራለች።

ተቋሙ የመግቢያ ፈተናውን ለአንድ ሰው ከሦስት ጊዜ በላይ አይሰጥም፤ ተመዝግቦ የቀረም እንደ ወደቀ ይቆጠርበታል። ሁለቱን ወስዳ ወድቃለች። በሂሳቡም ሆነ በቋንቋው ማንም አላማትም፤ የጣላት የአመክንዮው ክፍል ነው። ከሃያው ጥያቄ አሥራ ሁለት ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ሰባት፣ ቀጥሎ ዘጠኝ አገኘች። ሦስተኛውና የመጨረሻው ፈተና ቅዳሜ ጁን 27 ተቆርጧል።

መምህሩ «ያንቺ ችግር» ያሉት ግን ዘጠኝ ዓመት ያኖራት ሙያዋ ነበር። ትራንዚተር ወረቀትን አምኖ እንጀራ አይበላም። ዲክላራሲዮን በሚሉት የጉምሩክ ሰነድ ላይ የመኪናው ታርጋና የተሳቢው ታርጋ ይጻፋል፤ ሾፌሮች ግን ፒኬ ዱዝ ከሚሉት የመኪና ማቆሚያ ሲደርሱ አንዱ ጎማ ፈንድቶበት፣ አንዱ አክሰል ተሰብሮበት፣ የጓደኛውን ተሳቢ ለውጦ ይሄዳል፤ ለቢሮ ግን አይናገርም። ስለዚህ ሙኒራ ከመፈረሟ በፊት ትደውላለች። ወረቀቱ ምንም ቢል ትደውላለች።

«ከኋላህ ያለው ማነው?»

«ከኋላዬማ ባለቤቴ ብትኖር ምን ገዶኝ!» ይላል ሽብሩ፣ ከሁሉም ነባሩ ሾፌር። «የጓደኛዬ የአበባው ተሳቢ ነው እህቴ። ቁጥሩን ልንገርሽ?»

ሾፌሮቹ ለምደዋታል። ትጠይቃለች ብለው ስለሚያምኑ፣ እስክትጠይቅ አይነግሯትም። በየትኛውም መመሪያ ላይ ባልሰፈረው በዚህ ወግ የተነሣ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም መኪና ድንበር ላይ ቆሞባት አያውቅም።

መምህር ተክለወልድ የነቀሉት ይህንን ልማድ ነበር። በየቀኑ፣ በአንድ ጥያቄ፦ የት ተጽፏል? መነሻውን አንብቢ፤ መደምደሚያውን ለዪ፤ በሁለቱ መካከል ተናጋሪው ሳይናገር የገመተውን ፈልጊ፤ ከዚያ ውጭ ያለው ዓለም ቢቃጠል አያገባሽም። በግንቦት አጋማሽ ከሃያው አሥራ አንድ አገኘች፤ በወሩ መጨረሻ አሥራ አራት። መምህሩ አላመሰገኗትም። «አሁን ማንበብ ጀመርሽ» አሏት ብቻ። ለእሷ ግን ከምስጋና በላይ ነበር። በሚኒባስ ስትሄድ ማስታወቂያውን፣ የሾፌሩን ጭቅጭቅ፣ የራዲዮውን ዜና ሁሉ መነሻና መደምደሚያ እያለች ትከፍለው ጀመር።

እሑድ ጁን 21 ከቀትር በፊት የሽብሩ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ቀረበ። ማዳበሪያ ነው። ሦስቱን ሰነዶች ጎን ለጎን አስቀምጣ የተሳቢውን ቁጥር አስተያየች፤ ሦስቱም አንድ ናቸው። አእምሮዋ ባለፉት ወራት በተገራበት መንገድ ሄደ፦ መነሻው ሙሉ ነው፤ መደምደሚያው ይከተላል። ፈረመች። ስልኩን አላነሳችም። ሽብሩ በዋዜማው ተሳቢውን ቀይሮ ነበር።

ማክሰኞ ጋላፊ ድንበር ላይ ያዙት። ወረቀቱ አንድ ይላል፣ ብረቱ ሌላ።

«እህቴ፣» አላት በስልክ፣ ነፋሱ ድምፁን እየቆራረጠው፣ «ምነው ዘንድሮ ኮራሽብን? አልጠየቅሽኝም እኮ!»

«ሽብሩ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አስተካክላለሁ።»

«ቶሎ በይ። እዚህ ጥላ ያለው ከመኪናው ሥር ብቻ ነው፤ እሱንም ከውሻ ጋር ተካፍለናል።»

የእርምት ማመልከቻውን መፈረም የሚችለው መጀመሪያ የፈረመው ሰው ራሱ፣ ጉምሩክ ቀርቦ ነው። ሙኒራ ረቡዕ አስገባች። ነገ ጠዋት ኃላፊው ፊት ትፈርሚያለሽ ተባለች። ነገ ሐሙስ ነው፤ ለፈተናው ወደ አዲስ አበባ የሚወስዳት አውሮፕላን ሐሙስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ይነሣል። ዓርብ መሥሪያ ቤት የለም። ቅዳሜ የጂቡቲ የነጻነት በዓል ነው። ሐሙስ ያልተፈረመ ወረቀት እስከ እሑድ አይፈረምም። የዓርቡ በረራ በበዓሉ ምክንያት ሞልቷል፤ ሐሙስ ከሰዓት በመኪና የወጣ ሰው ደግሞ፣ መንገዱ ሁለት ሙሉ ቀን ስለሚፈጅ፣ ለቅዳሜ ጠዋት አዲስ አበባ አይደርስም።

ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምራ፣ ሻንጣዋን በእግሯ መካከል አድርጋ፣ ከኃላፊው በር ፊት ቆመች። ኃላፊው የሉም፤ ለበዓሉ ሰልፍ ልምምድ ሄደዋል። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አራት ሆነ። በአምስት ሰዓት አለቃዋ አቶ አሸናፊ መጣ።

«አንቺ ሴት፣ እስካሁን እዚህ ነሽ? ታክሲው ውጭ ቆሟል።»

«ሳልፈርም እንዴት ልሂድ?»

«ሽብሩ ሃያ ዓመት ሾፌር ነው። በረሃ ቤቱ ነው። ሦስት ቀን ቢጨመርበት ምን ይሆናል?»

ሙኒራ ንግግሩን ሳታስበው ለሁለት ከፈለችው። መነሻ፦ በረሃ ለምዷል። መደምደሚያ፦ አይጎዳም። በመካከሉ ሳይነገር የተገመተው፣ የለመደ ሰው አይታመምም የሚለው ነው። የግምቱን ባዶነት እንዲህ በግልጽ ማየቷ አስደነገጣት፤ ምክንያቱም እንዲያሳምናት ትፈልግ ነበር። ለመምህሩ ደወለች።

«ሂጂ» አሏት ሳያቅማሙ። «በአንድ በኩል ያንቺና የልጅሽ ዕድሜ፣ በሌላ በኩል የአንድ ሰው ሦስት ቀን። ይህ ክርክር አያስፈልገውም።»

«ጋሼ፣ ሦስት ቀን ብቻ መሆኑ የት ተጽፏል? እሑድ ኃላፊው ባይመጡስ?»

መምህሩ በክፍላቸው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይሉ ጀመር። ኮቴያቸው በስልኩ ይሰማታል።

«አልተጻፈም» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ግን አሁንም ሂጂ ነው የምልሽ። በምክንያት አይደለም። ስለማዝንልሽ ነው።»

ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ሙኒራ ስልኩን ዘግታ ሻንጣዋን አነሣች፤ እስከ ደረጃው ሄደች። አቶ አሸናፊ የታክሲውን በር ከፍቶ ቆሟል። ከደረጃው አናት ላይ ሆና የታክሲውን የኋላ ወንበር አየችው፤ ከዚያ ተመልሳ በነበረችበት በር ፊት ቆመች። ለምን እንደተመለሰች በቃል ያስረዳችው ሰው የለም፤ ለራሷም ቢሆን በደንብ አላስረዳችም። የምታውቀው ነገር ቢኖር፣ ሌላ የሚፈርም ሰው አለመኖሩን ነበር።

ኃላፊው ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ነጭ ጓንታቸውን እያወለቁ ደረሱ። ማመልከቻውን ቆመው አነበቡ። «ለዚህ ነው?» አሉ በፈረንሳይኛ። እሷም እሳቸውም ፈረሙ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፤ የአውሮፕላኑ መሳፈሪያ ግን ቀድሞ ተዘግቷል።

ሰባት ሰዓት ሲያልፍ አውሮፕላኑ ከባሕሩ በኩል ተነሥቶ በቡላኦስ ጣሪያዎች ላይ አለፈ። ሽብሩ ወደ ማምሻው ደወለ። መለቀቁን ነገራት፤ አላመሰገናትም። ረዳቱ በሙቀት ተዝለፍልፎ ግሉኮስ ተሰክቶለት እንደነበረ፣ ማዳበሪያውን የሚጠብቀው ባለቤት እንደሚከስ፣ እሱም በዚህ መሥመር ስሙ እንደጠፋ በቁጣ ዘርዝሮ ዘጋው። ያመለጣትን ፈተና አያውቅም፤ እሷም አልነገረችውም።

ከዚያ ድሬዳዋ ደወለች። እናቷ አነሡና፣ ደርሰሽ ነው ወይ፣ አየሩ እንዴት ነው ሲሉ፣ ኢማን ስልኩን ከእጃቸው ነጠቀች።

«እማ! አዲስ አበባ ነሽ?»

«ጂቡቲ ነኝ፣ የኔ እናት።»

«ፈተናውስ?»

«አልፈተንም። አንድ ሰው በኔ ስሕተት በረሃ ላይ ቀርቶ ነበር፤ እሱን ሳስፈታ አውሮፕላኑ ሄደ።»

«ሰውየው ተፈታ?»

«ተፈታ።»

ሙኒራ ሌላ ጊዜ አለ ለማለት አፏን ከፈተች፤ ሌላ ጊዜ እንደሌለ ግን ታውቃለች።

«እሺ፣ እሱ ተፈታ» አለች ኢማን። «ታዲያ እኔስ?»