የላም ሐኪሙና የእህቱ ሃምስተር

ሰፈሩ የሚያውቀው «የላም ሐኪም» በሚለው ስሙ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ክንዱን እስከ ብብቱ ላም ውስጥ ሲከት ኖሮ፣ ጉልበቱ ሲደክም ከተማ ገብቶ ትንሽ ክሊኒክ ከፈተ። እናታቸው ስትሞት አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው ታላቅ እህቱ ከክሊኒኩ ጀርባ አብራው ትኖራለች። ባሏን ከፈታች ቆየች፤ ልጅ አልወለደችም። ያለቻት አንዲት ሃምስተር ናት፤ ጉንጯን በእህል የምትወጥር፣ መዳፍ የማትሞላ አይጥ መሳይ። «ወይዘሮ» ትላታለች።

ወይዘሮ ከሻጩ ቤት በመጣች ሰሞን ሆዷ አበጥ አለ። ሐኪሙ በሁለት ጣቱ ዳበሳትና፣ «እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! አርግዛለች» አለ።

እህትየው ደስታዋን መያዣ አጣች። ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰፍታ መኝታ አዘጋጀች፤ ለጎረቤቱ ሁሉ ግልገል ቃል ገባች። ሃምስተር በሁለት ሳምንት ተኩል ግድም ትወልዳለች። ቀኑ አለፈ።

«ላምም እኮ ቀን ትገፋለች» አለ እሱ።

ወይ ጉድ! ላምና ሃምስተርን ምን አገናኛቸው? ምን ያድርግ፣ እጁም ትዕግሥቱም የላም ነው።

ከዚያ የወይዘሮ መኝታ ላይ ደም ታየ። በአልትራሳውንድ ቢያያት ጽንስ የሚባል ነገር የለም፤ ማህፀኗ ላይ ዕጢ አለ። ክው አለ። ማህፀኗን ከነዕጢው ቀዶ አወጣና ለምርመራ ላከ። ለእህቱ «ክሊኒክ ትቆይ» ብቻ ብሎ ዓይኗን ይሸሽ ጀመር። የሚወጋ ኮርማ የማይፈራው ሰውዬ እህቱን ፈራ።

ዕጢውን በስሱ ቆርጣ በማይክሮስኮፕ ያየችው መርማሪ ደወለች። «በሃምስተር እንዲህ ያለው ብዙም አይገጥመኝም። የጡንቻ ዕጢ ነው፤ በሰው ማዮማ የምንለው። ካንሰር አይደለም።»

እፎይ አለ። መንገሩ ግን ቀረው። እየከበደው እህቱ ጨርቅ ወደምትሰፋበት ክፍል ገባ።

«እትዬ፣ ግልገል የለም። መጀመሪያውንም አልነበረም፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ማዮማ ነው፤ ማህፀኗን አወጣሁት።»

«ወይዘሮ ራሷስ?»

«ደህና ናት።»

እህትየው መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች።

«እኔንም አርግዘሻል ብለውኝ ነበር፤ አንተ ድክ ድክ ስትል። ማዮማ ሆኖ ማህፀኔን አወጡት። ሐኪሙ ዓይኔን ማየት አፍሮ ነርስ ላከብኝ። አንተስ ራስህ መጣህ።»

ሐኪሙ ይህን በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም።

«ያን ሌሊት አጠገቤ ሰው አልነበረም» አለች። «በል ተነስ፣ አምጣልኝ። እሷ ብቻዋን አታድርም።»