ወደ አልጋው የምትመጣው ባቡር

ወንድሜ ድሬዳዋ ባቡር ላይ ነው የሚሠራው። አባታችን ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ዳንግላ ላይ ጋሪ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ባቡር የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ዳሌው ተሰብሮ አልጋ ላይ ሲውል ወንድሜ ሊጠይቀው መጣ፤ በኤሌክትሪክ የምትሄድ መጫወቻ ባቡርም ይዞለት ነበር። ሐዲዷን ከአልጋው እግር እስከ በሩ ዘረጋለት። ማብሪያና እጀታ ያላትን ሳጥን አልጋው አጠገብ አስቀመጠ። እጀታዋን ወደፊት ሲያደርጋት ባቡሯ ወደ በሩ ትሄዳለች፤ ወደኋላ ሲያደርጋት ወደ አልጋው ትመለሳለች። አባቴ እንደ ሕፃን ሳቀ።

ወንድሜ በሄደ በማግሥቱ መንገድ ተዘጋ፤ ኔትወርክም ጠፋ። ድሬዳዋ ይግባ፣ መንገድ ላይ ይቅር፣ የምናውቀው ነገር የለም። እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ፤ ሰዉ ስልኩን ይዞ እየመጣ «ኔትወርኩን ሥሪልኝ» ይለኛል። ኧረ በሕግ! ኔትወርክ በእኔ እጅ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የማን ስልክ ይጠራ ነበር?

በዚህ መሃል ሳጥኗ ወድቃ እጀታዋ ተሰበረች። ከዚያ ወዲህ ባቡሯ ወደ አልጋው እንጂ ወደ በሩ አልሄድም አለች። አባቴ በሸንበቆ ወደ በሩ ይገፋታል፤ ማብሪያውን ሲጫን ተመልሳ መጥታ የአልጋውን እግር ትገጫለች። ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው። ልታሳብደኝ ደረሰች።

አንድ ቀን የአባቴ የጋሪ ጓደኛ ሊጠይቁት መጡና አዩዋት። «አንች ልጅ፣ ፊቷን አዙሪያታ! ፈረስ ፊቱ በዞረበት አይደል የሚሄድ?» አሉኝ። አዞርኳት። ወይ ፍንክች! አሁንም ወደ አልጋው። እሳቸው ራሳቸው ተንበርክከው አዞሯት፣ ደግመው አዞሯት፤ ያው ናት። «ይቺስ ልጓም አታውቅም» ብለው ተነሡ።

እኔ ግን ያኔ ገባኝ። ኃይሉን የምታገኘው ከሐዲዱ ነው፤ ፊቷን ብናዞረውም በሐዲዱ የሚሄደው ኤሌክትሪክ አልዞረም። ከሳጥኗ የሚወጡትን ሁለት ሽቦዎች ነቅዬ አንዱን በአንዱ ቦታ አሰርኩ። ማብሪያውን ስጫነው ባቡሯ ከአልጋው ሥር ተነሥታ ቀጥ ብላ ወደ በሩ ሄደች። ሽማግሌው አጨበጨቡልኝ። ደስ አለኝ፤ በዚያ ሰሞን አንድ ነገር እንኳ በእጄ ተስተካከለ።

«አየህልኝ አባዬ?»

አባቴ አላየኝም። ዓይኑን በሩ ሥር ከቆመችው ባቡር አልነቀለም።

«ማን ላኪያት አለሽ?» አለኝ።

«እንዴ አባዬ፣ ተበላሽታ እኮ ነው!»

«አልተበላሸችም! ልጄ እየመጣ ነበር እኮ። በየቀኑ ይመጣልኝ ነበር።» ሸንበቆውን ወረወረው። «መልሻት። አሁኑኑ መልሻት!»

ጓደኛው ሸንበቆውን አንሥተው አልጋው ላይ አስቀመጡለትና ወጡ። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እያለቀስኩ ሽቦዎቹን ወደነበሩበት መለስኳቸውና «ተጫነው አባዬ» አልኩት።

ተጫነው። እሱ የባቡሯን መምጣት ያያል፤ እኔ በሩን አያለሁ።