ማስታወቂያ ላይ የወጣው የሐዘን ልብስ

ጋና ውስጥ ኩማሲ ገበያ ቲማቲም የሚገዛ ሁሉ ቢራጎን ያውቃታል። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቦታ ተቀምጣ ሸጣለች። የተበላሸውን ከሥር ደብቃ አትሰጥም፤ ለብቻው አስቀምጣ በርካሽ ትሸጠዋለች። ባል ነበራት፤ ወርቅ ማውጫ ሄዶ እዚያው ሌላ አገባ። ልጅ አልወለደችም። እናቷን እኖ ዱፊን እግራቸው ከከዳቸው ጀምሮ ስምንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት አጥባ፣ አጉርሳ፣ ግቢው ጥላ ሥር አስቀምጣ ነው ወደ ገበያ የምትወጣው። ወንድሞቿ ለበዓል ብቅ ይላሉ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባንታማ ሰፈር አንዲት ክፍል ሱቅ አለችኝ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ እንግሊዝኛ ብዙም አላነብም። ስለ ቢራጎ የምጽፈው ያደረግኩባትን ስለማውቅ ነው።

አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው እስኪወጣ ጠብቃ ከቦርሳዋ ቀይና ጥቁር ጨርቅ አወጣች። እኛ ዘንድ ይህን የሚለብስ የቅርብ ሰው የሞተበት ነው። ደንግጬ ማን ሞተ አልኳት። ማንም አለች። አባቷ ሲሞቱ ሰፊው ሁሉ ሥራ በዝቶበት በውሰት ልብስ ቀብር ስለቆመች፣ የአጎቷ ሚስቶች ሲሳሳቁባት ውለዋል። በእናቷ ቀን እንዲያ መሆን አልፈለገችም።

"ስፊልኝና ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ" አለችኝ። "እናቴ በሕይወት እያለች ማሰፋቴ ከተሰማ ሞቷን ተመኘች ይሉኛል። አደራ እቴ፣ ካንቺ አይውጣ።"

አይወጣም አልኳት። ልብሱ አልቆ ስትለብሰው ልክክ አለባት። ጀርባው እንዴት እንደሆነ ልየው ስትለኝ በስልኬ አነሳኋት። ዞር ብላ ፈገግ ስትል ደግሞ ሌላ ጨመርኩ። አጥፊው አለችኝ። እሺ አልኩ። አላጠፋሁትም።

በዚያ ሰሞን ሥራ ቀዝቅዞብኝ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ሰፊ ፌስቡክ ላይ እየለጠፈች ደንበኞቼን ወሰደችብኝ። ለነጋዴ ሴቶች ሥልጠና አለ ሲሉኝ ሄድኩ። አሠልጣኟ፣ መስቀያ ላይ ያለ ልብስ አይሸጥም፣ የሰው ፊት ያለበትን ለጥፉ፣ ጥቂት ከፍላችሁ ለከተማው ሰው አዳርሱ፣ አስተያየት ለጻፈ ሁሉ ፈጥናችሁ መልሱ አለችን። የሰው ፊት ያለበት ጥሩ ፎቶ የነበረኝ የቢራጎ ብቻ ነው። ከሌላ ሱቅ ገልብጬ "ለእናትዎ የመጨረሻ ክብር" የሚል ጽሑፍ አደረግኩበት። ቲማቲም ሻጭ ፌስቡክ የት ታያለች ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በማግስቱ አስተያየቱ ከሁለት መቶ አለፈ። አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነበር፤ የሚያለቅስ ፊት፣ ልብ፣ የተጣመረ እጅ ሞልቶበታል። ልብሱ ልባቸውን የነካው መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ለእያንዳንዱ "እናመሰግናለን፣ ለትእዛዝ ይደውሉ" እያልኩ መለስኩ። ለካ ሰዎቹ ነፍስ ይማር ነው የሚሉት። የቢራጎን እናት የሞቱ መስሎት ነፍስ ይማር ላለ ሰው ሁሉ፣ ለትእዛዝ ይደውሉ ብያለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ፎቶውን ያየ ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ዘመድ ጥቁር ለብሶ ከኦቡዋሲ መጥቶ እነ ቢራጎ ግቢ ገባ። ሴቶቹ ገና ከበሩ ለቅሶውን ለቀቁት። እኖ ዱፊ ጥላው ሥር የበቆሎ አጥሚታቸውን እየጠጡ ነበር። ቀና ብለው ማን ሞተ ብለው ጠየቁ።

የቤተሰቡ አለቃ የእኖ ዱፊ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ዎፋ አዱሴ ይባላሉ። እኔን አስጠሩኝ። ስደርስ ቢራጎ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"የሱቄ ናሙና ነው፣ ልበሽና ላንሳሽ ብያት ነው በይ" አለችኝ እያንሾካሾከች። "ሞቷን ተመኝተሻል ብለው እናቴን ወደ ኦቡዋሲ ሊወስዱብኝ ነው። እዚያ ማን ያጥባታል?"

እላለሁ አልኳት።

ዎፋ አዱሴ ፎቶው ያለበትን ስልክ ዘረጉልኝ። "አንቺ ሰፊዋ፣ ይህ ልብስ የማን ነው?"

ሰዉ ሁሉ አፌን ያያል። የእኔ ነው ብል፣ እናቷ ያልሞተችባትን ሴት የሐዘን ልብስ አልብሳ የምትነግድ ልባል ነው፤ ደንበኛ ልጣ ነው። በዚያች ሰዓት እንኳ ያሰብኩት ደንበኛ ነው። ዝም አልኩ።

"ዝምታዋ ይበቃል፣ የቢራጎ ነው" አለች ከዎፋ አዱሴ ሚስቶች አንዷ። "እናቷን በቁሟ ቀብራ አምራበታለች። ፈገግታዋን እዩልኝ።"

ዎፋ አዱሴ የእህቴን ዕቃ ሰብስቡ አሉ። ቢራጎ አየችኝ።

ይሄኔ እኖ ዱፊ ኩባያቸውን መሬት አስቀመጡ። "አዱሴ፣ እኔ ነኝ ያሰፋሁት" አሉ። "ስሞት ልጄ የምትለብሰው ዓይኔ እያየ ይለቅ ብዬ ላክኋት። ነውር ከሆነ ነውሩ የእኔ ነው። አሁን ለእንግዳው ሁሉ ውሃ ስጡ፣ ከሩቅ ነው የመጣው።"

እንዳልላኳት ቢራጎም እኔም እናውቃለን። ዎፋ አዱሴ ግን ታላቅ እህታቸውን ውሸታም ማለት አልቻሉም። ዘመዱ ውሃውን ጠጥቶ ሄደ፤ እኖ ዱፊ ቤታቸው ቀሩ። እኔ ልናገረው የሚገባኝን ውሸት የሰማንያ ዓመት አሮጊት ተናገሩልኝ።

ፎቶውን ያን ቀን አጠፋሁት። ሦስት ሳምንት ቆይቼ እንቁላልና አንድ ጠርሙስ አረቄ ይዤ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ቢራጎ ወንበር አቀረበችልኝና ወደ ጓዳ ገባች፤ እስክወጣ ተመልሳ አልመጣችም። እኖ ዱፊ ግን እጄን ይዘው፣ "ሥራ እንዴት ነው፣ ልጄ?" አሉኝ።

ደህና ነው አልኳቸው። እውነቴን ነው። ያ ፎቶ አሥራ አንድ ትእዛዝ አምጥቶልኝ ነበር።