የኦይገን ድብቅ መኪና

ኦይገን ቨርነር በዕድሜው ሙሉ የዋሸው አንድ ውሸት ነው፤ እሱንም ለሚስቱ ለኤልስቤት። ቅዳሜ ምሳውን እንደበላ «ካርልን እንጨት ላግዘው» ይልና በብስክሌቱ ወደ ጎረቤት መንደር ይሄዳል። ካርል ሚስት ያላገባ የአክስቱ ልጅ ነው። ኦይገን እንደሚለው ቢሆን ኖሮ እስካሁን ጫካው ባለቀ ነበር።

በካርል ጎተራ፣ ከድርቆሹ ክምር ኋላ፣ በሸራ የተሸፈነች ፖርሽ 911 ነበረች።

ነገሩ የተጀመረው ኦይገን ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ከጀርመኗ ከተማ ከሽቱትጋርት ወጣ ብሎ ባለው የሶሊቱድ ጫካ ነው። እዚያ በነበረው ውድድር ትናንሾቹ ብርማ የፖርሽ መኪኖች ትልልቆቹን መታጠፊያ ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ አየና ልቡ አብሯቸው ሄደ። ሰኞ ጠዋት ጹፈንሃውዘን ባለው የፖርሽ ፋብሪካ በር ላይ ተገኘ፤ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበርና ተቀጠረ። 911 ስትወለድ እዚያው ነበር። መጀመሪያ 901 ብለዋት ነበር፤ አንድ የፈረንሳይ ፋብሪካ መካከሉ ዜሮ የሆነ ቁጥር የእኔ ነው ቢል ስሟን ለወጡላት። «ሞተር ከኋላ? በሬን ከጋሪ ኋላ መጥመድ ማለት ነው» ብለው የሳቁባትም ነበሩ። እሷ ግን የሞንቴ ካርሎን ውድድር በረዶ ላይ አሸነፈችና ሳቁ ቆመ። ኦይገን ያንን ወደ ኋላ የሚወርድ ጣሪያዋን በመዳፉ እየዳበሰ ስንቷን ለሌላ ሰው ሸኘ። አንዷ የእሱ ብትሆን ብሎ መመኘቱ አይፈረድበትም።

ታዲያ ያገለገለች አንዲት ሲገዛ ለምን ደበቃት? የእኛ የተራራ መንደር ሰው ባንክ ቤት ገንዘብ ካለው ያረጀ ኮት ይለብሳል። ቆርቆሮ ቀጥቃጭ በእንዲህ ያለ መኪና ቤተ ክርስቲያን ቢመጣ የዕለቱ ስብከት እሱ ነው። ኦይገንን ይሉኝታ ያዘው። ለኤልስቤት ዛሬ ነገ እነግራታለሁ ሲል ወር አለፈ፣ ዓመት አለፈ፤ ውሸት ደግሞ ሲያድር ይከብዳል።

ኤልስቤት ሞኝ አይደለችም። እንጨት ሲፈልጥ የዋለ ሰው እያፏጨ ቤቱ ይገባል? ሴት አለችበት አለች በሆዷ። አንድ ቅዳሜ በአውቶቡስ ተከትላው የጎተራውን በር ወለል አደረገችው። ኦይገን ሸራውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ያቺን ሴት ውጪ በላት።»

«የምን ሴት?»

«አትቀልድብኝ፣ ኦይገን። በዚህ ዕድሜህ።»

«ይቺው ናት። ሌላ የለችም።»

ኤልስቤት የመኪናዋን በር ከፍታ አየች። ሲገዛት ሁለቱንም ወንበሮች አዲስ ቆዳ አልብሷቸው ነበር። የሾፌሩ ተጨማዶ ጠርዙ አልቋል፤ የጎኑ ግን ያኔ እንደተሰፋ ነው።

ኦይገን የዳነ መሰለው። «አየሽ? ማንም አልተቀመጠበትም።»

«አየሁ» አለች። «ሴት ብትሆን እጣላት ነበር። ከባዶ ወንበር ጋር እንዴት ልጣላ? ይህን ሁሉ ዓመት ይዘኸው ስትዞር እኔ ቤት ካልሲህን እጠቅማለሁ።»

«ሰው እንዳያወራ ብዬ እኮ ነው።»

«እኔም እንደ ጎረቤት ተቆጠርኩ?»

ኦይገን ሸራውን አጣጠፈ። እሷ ገብታ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ወደ ቤት ንዳ።»

«አሁን? ቅዳሜ እኮ ነው፣ መንደሩ ሙሉ ደጁን እየጠረገ ነው! ሲጨልም ይሻላል።»

«ሲጨልም በአውቶቡስ እህቴ ቤት እሄዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ብቻህን እንደለመድከው ትነዳለህ።»

ኤልስቤት ለማስፈራራት ብላ የምትናገር ሴት አይደለችም፤ ኦይገን ያውቃል። ከሰው ዓይን ይልቅ እሷን ማጣት አስፈራው። ሞተሩን አስነሳ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምሮ ሰው ሁሉ መጥረጊያውን ተደግፎ ዞረ። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ወይዘሮ ሾይፈሌ አፏን ከፍታ ቀረች። የኦይገን ጆሮ ቀላ፤ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀበረ። ኤልስቤት መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራች ሰላም አለች።

ቤታቸው ደጅ ሲደርሱ ፍሬን ሊይዝ እግሩን አነሳ። ክንዱን ያዝ አደረገችው።

«እለፈው» አለች። «ገና አሁን መቀመጤ ነው።»