ከአዲስ አበባ ማንም ያልመጣበት እሁድ

ጅማ ውስጥ መጀመሪያ የታወቀው ድምፄ ነው፤ ፊቴ የታወቀው በኋላ ነው። በሥራ ቀን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ቅዳሜ ሲሆን ግን ሞንታርቦ የተጫነበት ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ ወደ ከተማችን የሚመጣውን የጥበብ ዝግጅት ሁሉ አስተዋውቃለሁ። «በመጪው እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ በከተማው አዳራሽ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ እውቅ ተዋንያን!» እላለሁ። ቀጥዬ «ኮታ፣ ኢላላ! ኑ፣ እዩ!» ብዬ ያንኑ በኦሮምኛ እደግመዋለሁ። ከሰቶ ሰመሮ ተነስተን፣ በጊንጆ ጉዱሩ ዞረን፣ እኔ ወደምኖርበት መንደራ ቆጪ ስንደርስ ጉሮሮዬ ይደርቃል።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ቢያልፉም የከተማው ልማድ አልተለወጠም ነበር። ዘፈኑም፣ ቲያትሩም፣ የሥዕል ትርኢቱም ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። «ከአዲስ አበባ» ካልኩ አዳራሹ ይሞላል። እኛ የቀበሌው አማተሮች ደግሞ እንግዶቹ ሲመጡ ወንበር እንደረድራለን፣ መጋረጃ እንጎትታለን። የራሳችን ክበብ ነበረን፤ ግን የአማተር ክበብ ማለት ያኔ የኤድስ ትምህርት ማለት ነበር። በየትምህርት ቤቱ እየዞርን አጭር ድራማ እናሳያለን፣ ተጨብጭቦልን እንመለሳለን። በአዳራሹ መድረክ ላይ ግን ቆመን አናውቅም።

የክበባችን ሰብሳቢ ልብስ ሰፊ ነበር። እሱም አባቱም አያቱም ጅማ የተወለዱ ሙስሊም ናቸው። ወሬ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ሲጨርስ ራሱም አይታወቀውም። አንድ ቀን መርፌውን ኮሌታው ላይ እንደሰካ ወደ ልምምድ መጣና፣ «ኮሜዲ ጽፌያለሁ» አለን። ታሪኩ አንድ ገበሬ ቡናውን ይዞ ወደ ነጋዴ ሲሄድ ነው። የነጋዴው ሚዛን ሁልጊዜ ያጎድላል። የገበሬው ሚስት ትናደድና ራሷ ሚዛኑ ላይ ትወጣለች፤ ሚዛኑ የሕፃን ልጅ ክብደት ያሳያል። ከዚያ ለማጣራት የመጣው የቢሮ ኃላፊ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ሚዛኑ ትክክል ነው፤ የቀነሱት ሴትዮዋ ናቸው» ብሎ ይፈርዳል። በሁለቱም ቋንቋ ነበር የተጻፈው፤ ልክ ገበያ ውስጥ እንደሚወራው። ሲያነብልን ሳቃችን ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

አዳራሹን ያገኘነው በክረምት ነው። ዝናቡን ፈርቶ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ስለሌለ አንድ እሁድ ባዶ ነበር። ዝግጅቱ ሲቃረብ ግን የቢሮ ኃላፊውን የሚጫወተው ልጅ ሥራ አግኝቶ ቦንጋ ሄደ። ልብስ ሰፊው ዞር ብሎ እኔን አየኝ።

«አንቺ ትሠሪዋለሽ።»

«እኔ? ወንድ ሆኜ?»

«ኮቱን እኔ እሰፋልሻለሁ፤ ፂም እንለጥፋለን። ድምፅ እንደሆነ ወላሂ አላጣሽም።»

የቢሮ ኃላፊ አረማመድ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። አባቴ ከሸዋ መጥተው ቡና መሥሪያ ቤት ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነው የሚራመዱት። ከመናገራቸው በፊት ደግሞ ጉሮሯቸውን ሁለቴ ይጠርጋሉ፤ በረጅሙ፣ ሁለተኛው ከፍ ብሎ። እንደምጫወት ነግሬያቸዋለሁ፤ ማንን እንደምጫወት ግን አልነገርኳቸውም።

«ይመጣሉ፣ አባባ?» አልኳቸው።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ቲያትር የማየው ከአዲስ አበባ ሲመጣ ነው» አሉኝ።

ቅዳሜ በሞንታርቦ የራሳችንን ዝግጅት አስተዋወቅኩ። ሚኒባሱ ቆም ባለ ቁጥር ሰው ይጠይቀኛል፤ «ማን ነው የሚመጣው?» «እኛ ነን» እላለሁ። «እናንተ እነማን?» ይሉና ይስቃሉ። እስከ ቀትር አንድም ሰው «እመጣለሁ» አላለኝም። ልብስ ሰፊው ከኋላ ወንበር ሆኖ ሲሰማ ቆየና ሹፌሩን ትከሻውን ነካው። «ወደ አጋሮ ንዳ። ቡና ያለው እዚያ ነው፤ ሚዛንም ያለው እዚያ ነው።»

አጋሮ ስንደርስ ገበያው ደርቷል። የተረፈውን ደረቅ ቡና በአህያ ጭኖ የመጣው ሁሉ ከመጋዘኖቹ በር ተሰልፏል። ልብስ ሰፊው ጫማውን አውልቆ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ወጣ። እኔ ምንም ሳላስተዋውቅ የሞንታርቦውን ማይክራፎን አቀበልኩት፤ እሱ ገበሬውንም ነጋዴውንም ብቻውን ሆኖ ይጫወት ጀመር። የመጀመሪያው ሳቅ ከአህዮቹ በኩል መጣ፤ ከዚያ ሴቶቹ ዘንቢላቸውን እያስቀመጡ ቀረቡ። ወዲያው መኪና ማለፊያ ጠፋ። ኮፍያ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ «ዱጋዳ! እውነት ነው!» እያሉ በዱላቸው መሬቱን ይመታሉ። ታሪኩ ሚስትየዋ ሚዛኑ ላይ ልትወጣ የምትልበት ሲደርስ ልብስ ሰፊው ጨዋታውን አቆመ።

«ቀጥል እንጂ! መጨረሻውስ?» አሉት ሽማግሌው።

«መጨረሻው ጅማ ነው፣ አባቴ። ነገ ይምጡ።»

«ኢንሻአላህ» አሉ፤ አልሳቁም።

እሁድ ሰማዩ ተቀደደ። ሰዓቱ ሲደርስ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት የተዋንያኑ እናቶችና ከዝናብ የተጠለሉ ጥቂት ሰዎች ናቸው። የአዳራሹ ኃላፊ ሰዓታቸውን እያዩ ወደ መድረኩ ጀርባ መጡ።

«ልጆች፣ አትዘኑ። ክረምት ነው። ሌላ ጊዜ ትሞክራላችሁ፤ አሁን ልዝጋው።»

«ትንሽ ይታገሱን፣ ጋሼ» አልኳቸው። ኮት ለብሼ፣ ፂም ለጥፌ እንደ ሴት ልጅ ስለምናቸው ፊታቸውን አዞሩ፤ ሳቃቸው መጥቶ ነው መሰለኝ። የሞንታርቦውን ማይክራፎን አንስቼ በሩ ላይ ወጣሁና ባዶውን አስፋልት «ኮታ፣ ኢላላ!» አልኩት። ጎርፉ ድምፄን ዋጠው። ደግሜ ጮህኩ። ፂሜ በዝናቡ ሊወልቅ ሲል በአንድ እጄ ያዝኩት።

ያኔ ከታች በኩል ሸራ የለበሰ አይሱዙ መብራቱን አብርቶ መጣ። ኋላው ሌላ፣ ኋላው ደግሞ ሌላ። ሸራው ሲገለጥ ሰው እንደ ቡና ጆንያ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ ሴቶች ሻሻቸው ላይ ላስቲክ አጥልቀው፣ ወንዶች ዣንጥላቸውን እንደ ዱላ ይዘው። ሽማግሌው ከጋቢናው ወርደው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ሚዛኑ የት አለ?» አሉኝ።

የአጋሮ ሰው ዝናብ ሰንጥቆ መጣ የሚለው ወሬ በከተማው እንዴት እንደበረረ አላውቅም። መጋረጃው ሲከፈት ግን ባዶ ወንበር አልነበረም፤ ሰው በመስኮት ላይ፣ በግድግዳው ጥግ፣ በመተላለፊያው ቆሟል። የገበሬው ሚስት ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ጣሪያው የሚነሳ መሰለኝ። ተራዬ ደረሰ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ገባሁ፤ ቆምኩ፤ በረጅሙ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

አባቴን ያየኋቸው ያኔ ነው። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቻቸው መሃል፣ እርጥብ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

የቢሮ ጓደኞቻቸው የማንን አረማመድ እንደያዝኩ ወዲያው አወቁ። «ኧረ ጋሼ ናቸው!» አለ አንዱ፤ ሳቁ ከእነሱ ረድፍ ተነስቶ አዳራሹን ሞላው። ሁሉም ዞሮ አባቴን ያያል። ቀጣዩ ቃሌ ጠፋኝ። አባቴ በዝግታ ከወንበራቸው ተነሱ። በመተላለፊያው የቆሙት መንገድ ለቀቁላቸው። ሊወጡ ነው አልኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ፤ ቀጥ ብለው እኔን እያዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ በረጅሙ፣ ሁለተኛው ከፍ ብሎ።

እንደዚያ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። አባቴ ራሳቸው ዕንባቸውን እየጠረጉ ተቀመጡ። እኔም ድምፄን አግኝቼ፣ «ሚዛኑ ትክክል ነው!» ብዬ ፈረድኩ፤ ቀሪውን ሕዝቡ ከአፌ ተቀብሎ ደገመው።

ስንጨርስ ሳይገባ የቀረው ሰው ውጭ ቆሞ በሩን ይደበድባል። የአዳራሹ ኃላፊ ላብ በላብ ሆነው መጡ። «ትደግሙታላችሁ?»

«አሁኑኑ!» አለ ልብስ ሰፊው። ደገምነው። አባቴም ሳይወጡ ደግመው አዩት።

ወደ ቤት ስንሄድ ካፊያ ብቻ ቀርቶ ነበር። አባቴ የለበስኩትን ኮት ትከሻው ላይ ያዝ አድርገው፣ «ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቷል። የቢሮ ሰው እንደዚህ አይለብስም» አሉኝ። ከዚያ የራሳቸውን አውልቀው አለበሱኝ። «በዚህ ተጫወቺ።»

በዚያ ኮት አጋሮ ሄድን፤ ሊሙ ገነት ሄድን፤ ጌራ ሄድን። አጋሮ ላይ ሁለት አይሱዙ ጀርባ ለጀርባ አቁመው፣ ኋላቸውን ከፍተው መድረክ ሠሩልን። ልብስ ሰፊው ከደስታው ብዛት መርፌውን ኮሌታው ላይ እንደሰካ መድረኩ ላይ ወጣ። መሃሉ ላይ ዝናቡ መጣ፤ ሰዉ ግን አልነቃነቅ ብሎ ዣንጥላውን ዘረጋና ሜዳው ሙሉ ጥቁር በጥቁር ሆነ። የመጨረሻውን ቃል ስናገር ለማጨብጨብ ፈለጉ፤ ዣንጥላ ይዞ ደግሞ አይጨበጨብም። ከፊት የነበሩት ዣንጥላቸውን ወረወሩት፤ ከኋላ ያሉትም ተከተሉ። ሜዳው በአንዴ ፊት በፊት ሆነ፤ እርጥብ፣ የሚስቅ ፊት፤ እጅ ሁሉ ወደ ላይ። እኛም ዝናቡ ውስጥ ቆመን ጎንበስ አልን።